ያረጀ የጓሮ ትራክተር ሞተርን ስለ መቀየር፦ አዲሱ ከመገዛቱ በፊት መለካት ያለበት

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የጓሮ ትራክተር አላቸው። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ 12 የፈረስ ጉልበት ኮህለር ኬ301 ሲሆን ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ዘይት ይበላል፣ የሣር ማጨጃው ሲገናኝበት ደግሞ ጉልበት ያጣል። «ይህን አውጥቼ አዲስ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ብገጥም ይሆናል ወይ? ከመግዛቴ በፊትስ ምን ማጣራት አለብኝ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ይሆናል። ሆኖም አዲሱን ሞተር ከመምረጥዎ በፊት በእጅዎ ያለው ሞተር በእርግጥ ማለቁን እንዲያረጋግጡ፣ አልቆም ከሆነ መታደስ መቻል አለመቻሉን እንዲለኩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ግዢ እንዲሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በገጠማው ቀን ሳይሆን ሞተሩ በፈረስ ጉልበቱና በዋጋው ብቻ ተመርጦ በተገዛበት ቀን ነው።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ዘይቱ በየት በኩል እንደ ገባ ግን አይናገርም። በኬ ተከታታይ ሞተሮች ጎን፣ በቫልቮቹ ክፍል ሽፋን ሥር፣ አንዲት ትንሽ መተንፈሻ አለች። በውስጧ ያለችው ስስ የብረት ምላስ አየር ከካርተሩ (ዘይቱ ካለበት የሞተሩ የታች ክፍል) እንዲወጣ ትፈቅዳለች፣ እንዲመለስ ግን አትፈቅድም፤ በዚህም ምክንያት ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ በካርተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ምላሷ በቆሻሻ ከተያዘች ወይም ከታጠፈች በካርተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) በኩል ወደ ላይ፣ በፓራውሊዮዎቹ (ዘይት እንዳይወጣ በሚከላከሉት ማሸጊያዎች) በኩል ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሞተሩ ፈጽሞ ያለቀ ይመስላል፤ መፍትሔው ግን መተንፈሻዋን ፈትቶ ማጠብና ጓርኒሲዮኗን (የመጋጠሚያ ማሸጊያዋን) መቀየር ብቻ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ከመለኪያው ምልክት በላይ ተሞልቶ ከሆነም ተመሳሳይ ጭስ ይታያል። ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን ከሁሉ አስቀድመው ይመልከቱ።

የኮምፕሬሽን መለኪያ ጌጅ እዚህ ላይ አይረዳዎትም፤ እንዲያውም ሊያሳስትዎ ይችላል። እነዚህ ሞተሮች በቀላሉ እንዲነሡ ሲባል በካምሻፍታቸው (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) ላይ ኮምፕሬሽን የሚቀንስ መሣሪያ አላቸው፤ ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ኃይል በዝግታ ሲሽከረከር የጭስ ማውጫውን ቫልቭ በጥቂቱ አንሥቶ ይይዘዋል። በዚህ ሁኔታ ጌጁ ለጤነኛው ሞተርም ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል። አስተማማኙ መንገድ ፒስተኑን በመጭመቂያው ምት ላይ ወደ ላይኛው ጫፍ ማምጣት፣ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ማስገባትና አየሩ በየት በኩል እንደሚያመልጥ ማዳመጥ ነው። በካርቡራተሩ በኩል ከተሰማ የማስገቢያው ቫልቭ አይዘጋም ማለት ነው፤ በማርሚታው በኩል ከሆነ የማውጫው ቫልቭ ነው፤ በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) ዙሪያ የሳሙና ውኃ አረፋ ካወጣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተጣሟል፤ በመተንፈሻዋ ወይም በዘይት መለኪያው ቀዳዳ በኃይል ከወጣ ግን ፋሻዎቹና ሲሊንደሩ በእርግጥ አልቀዋል። አየሩ ፒስተኑን በድንገት ወደ ታች ሊገፋውና ሞተሩን ሊያሽከረክረው ስለሚችል፣ አየር ከመልቀቅዎ በፊት ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) በጠንካራ ነገር መታሠሩን ያረጋግጡ፤ እጅዎንም ከቮላኖው (በሞተሩ ጫፍ ከሚዞረው ከባድ መዘውር) አጠገብ አያኑሩ።

ምርመራው ወደ ፋሻዎቹ ካመለከተ ቴስታታውን አንሥቶ ሲሊንደሩን መለካት ይከተላል። የኬ301 ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ የውስጥ ስፋቱ (ዲያሜትሩ) 3.375 ኢንች፣ ማለትም 85.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ልኬቱ ፋሻዎቹ በሚደርሱበት ከፍተኛው ቦታ፣ በመካከልና በታች፣ በእያንዳንዱም ቦታ በሁለት አቅጣጫ መወሰድ አለበት፤ ሲሊንደር ክብነቱን ጠብቆ እኩል አያልቅም፣ በላይኛው በኩልና ፒስተኑ በሚደገፍበት አቅጣጫ ይበልጥ ይበላል። የእነዚህ ሞተሮች ሲሊንደር ከብሎኩ ጋር አንድ ሆኖ ከጊዛ (በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት) የተሠራ ስለሆነ በማሽን ሊሰፋ ይችላል፤ ለዚህም ከመደበኛው በ0.010፣ በ0.020 እና በ0.030 ኢንች የሚበልጡ ፒስተኖች ተዘጋጅተውላቸዋል፤ የመጨረሻው 0.76 ሚሊሜትር ያህል መሆኑ ነው። ቀደም ሲል የተሰፋ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የፒስተኑን አናት ይመልከቱ፤ ተቀይሮ ከሆነ መጠኑ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ታትሞ ይገኛል።

ከሲሊንደሩ ቀጥሎ የሚለካው ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) የሚታሠርበት የክራንክሻፍቱ አንገት ነው። ቢዬላው አሉሚኒየም ሲሆን በመካከል የሚገባ ብሮንዚና (የሚቀየር ስስ የብረት ሽፋን) ሳይኖረው በቀጥታ በብረቱ አንገት ላይ ይሽከረከራል። የአንገቱ መደበኛ ስፋት 1.5 ኢንች፣ ማለትም 38.1 ሚሊሜትር ነው፤ ከተጫረ ወይም ክብነቱን ካጣ በ0.010 ኢንች ተሞርዶ ለዚሁ የተዘጋጀ ጠባብ ቢዬላ ሊገጠምለት ይችላል። በዚህ ልክ አስቀድሞ ተሞርዶ እንደገና ከተበላ ግን ሌላ ክራንክሻፍት መፈለግ ግድ ይሆናል፤ የመታደስ ሐሳብም ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ሞተሩ ከተከፈተ አይቀር አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በኬ241፣ በኬ301፣ በኬ321 እና በኬ341 ሞተሮች ከፊሎቹ ውስጥ፣ ንዝረትን ለመቀነስ የታሰቡ ክብደት ያላቸው ሁለት ማመጣጠኛ ጥርሶች (ባለ ጥርስ መዘውሮች) አሉ። በዕድሜ ብዛት መሽከርከሪያቸው ሲላላ አንዱ ተሰብሮ በካርተሩ ውስጥ ይወረወርና ደኅና የነበረውን ብሎክ ይበሳዋል። ብዙ አዳሾች አውጥተዋቸው ይተዋሉ፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ሞተሩ ያለ እነርሱ ጥቂት ንዝረት ቢጨምርም፣ በሃምሳ ዓመት ጥርስ ላይ መታመን ግን ብሎኩን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ብሎኩ ካልተሰነጠቀና ክራንክሻፍቱ ከዳነ፣ በእኔ ግምት መታደስ ከመቀየር ይሻላል። ይህን የምለው ለአሮጌ ነገር ካለኝ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ምንም እንኳ ፍቅሩ ባይጎድለኝም። የታደሰው ሞተር በገዛ ብሎኖቹ ላይ ይቀመጣል፣ ፑሌጃው (መዘውሩ) ከቺንጊያው (ከቀበቶው) ጋር ይገጥማል፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ኮፈኑም ሳይቆረጥ ይዘጋል። አዲስ ሞተር ሲመጣ ከእነዚህ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል።

መታደሱ ካልተቻለ ሁለተኛው መንገድ ከዚያው ቤተሰብ ሌላ ሞተር መፈለግ ነው። ባለ 14 የፈረስ ጉልበቱ ኬ321 የፒስተን ምቱ ከኬ301 ጋር አንድ፣ ማለትም 3.25 ኢንች ሆኖ፣ ሲሊንደሩ 3.5 ኢንች ነው፤ ይዘቱም ከ476 ወደ 512 ሴንቲሜትር ኩብ ያድጋል። ባለ 16ቱ ኬ341 ደግሞ 3.75 ኢንች ሲሊንደርና 588 ሴንቲሜትር ኩብ ይዘት አለው። ይሁን እንጂ የሞዴሉ ቁጥር አንድ መሆኑ ሞተሮቹ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ኮህለር እነዚህን ሞተሮች ለብዙ የትራክተር አምራቾች ያቀርብ ስለነበር፣ የዘይት ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ቅርጽ፣ የዘንጉ (ከብሎኩ ወጥቶ ጉልበት የሚሰጠው የክራንክሻፍቱ ጫፍ) ርዝመት፣ የሞተሪኖው ዓይነትና የዘይት መለኪያው ቦታ ከትራክተር ወደ ትራክተር ይለያያሉ። ልዩነቱን የሚነግርዎ በሞተሩ ሳህን ላይ ከሞዴሉ ቁጥር አጠገብ የተጻፈው የስፔስፊኬሽን ቁጥር ነው። ስለዚህ ሌላ ሞተር ሲያገኙ የቀድሞውን ኮፓ፣ ቮላኖና የፊት ሽፋኖች ለማዛወር ይዘጋጁ፤ አሮጌውንም ሞተር አዲሱ ሠርቶ እስኪረጋጋ ድረስ አይጣሉት፣ አይሽጡትም።

ሦስተኛው መንገድ እርስዎ የጠየቁት አዲሱ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ዘንጉ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወጣ ነው። በዛሬው ጊዜ ለሣር ማጨጃ ትራክተሮች ከሚሠሩት ሞተሮች አብዛኛዎቹ ዘንጋቸው ወደ ታች የቆመ ነው፤ የእርስዎ ትራክተር ግን ዘንጉ የተጋደመ ሞተር ይፈልጋል። ከአዲስ ትራክተር ላይ የወለቀ ርካሽ ሞተር ከቀረበልዎ ከዋጋው በፊት ይህንን ይመልከቱ።

ቀጥሎ ዘንጉን ራሱን በማይክሮሜትር ወይም በካሊፐር ይለኩት። በዚህ ክፍል ሞተሮች ላይ በብዛት የሚገኙት ስፋቶች 1 ኢንች (25.4 ሚሊሜትር) እና አንድ ከአንድ ስምንተኛ ኢንች (28.6 ሚሊሜትር ገደማ) ናቸው፤ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ሩብ ኢንች ስፋት ያለው የቁልፍ ብረት ይይዛሉ። በዓይን ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ በግምት መግዛት አይገባም። ጠባቡን ዘንግ በሰፊው ፑሌጃ ለማስገባት ቀጭን ቱቦ በመካከል ማስገባት ይቻላል፤ ሰፊውን ዘንግ በጠባቡ ፑሌጃ ለማስገባት ግን ፑሌጃውን በቶርኖ ቤት ማስፋት ያስፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ፍሪሲዮን (ማጨጃውን በኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያላቅቅ) ከሆነም መስፋቱ ስለማይሆን ሌላ መግዛት ይኖርብዎታል። በዘንጉ ጫፍ ያለው የብሎን ቀዳዳም ከስፋቱ ጋር ይለዋወጣል፤ በ1 ኢንቹ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ በሰፊው ላይ ሰባት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ብሎን ይገባል፤ አሮጌው ብሎን ላይገጥም እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁ።

ከዘንጉ ስፋት የማያንሱ ሌሎች ሦስት ልኬቶች አሉ፦ ሞተሩ ከሚቀመጥበት ገጽ እስከ ዘንጉ መካከል ያለው ከፍታ፣ የዘንጉ ርዝመት ከብሎኩ ፊት እስከ ጫፉ፣ እንዲሁም የአራቱ ማሠሪያ ቀዳዳዎች አቀማመጥ። የአዲሱ ሞተር ከፍታ ከአሮጌው ካነሰ ከሞተሩ ሥር ወፍራም የብረት ሳህን በማስገባት ይካሳል፤ ከበለጠ ግን ማስተካከያው ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ቻንሲውን መቁረጥን ይጠይቃል። ማሠሪያ ቀዳዳዎቹ ካልገጠሙ ቻንሲውን እንደገና ከመብሳት ይልቅ መሸጋገሪያ ሳህን መሥራት ይመረጣል፤ ወደፊት ማንም ቢሆን ትራክተሩን ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለስ ቢፈልግ መንገዱ ክፍት ይሆንለታል። ሳህኑ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖረውና ፍጹም ጠፍጣፋ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የተጣመመ ሳህን ሞተሩ ሲጠብቅበት አሉሚኒየሙን ብሎክ ያጣምመዋል፣ ወይም የማሠሪያ እግሮቹን ይሰነጥቃል።

አሁን ወደ አንድ ብዙ ሰው ወደሚስተው ነገር ልምጣ፤ እርሱም ትራክተሩ ጉልበቱን ከሞተሩ የትኛው ጫፍ ይወስዳል የሚለው ነው። በዊል ሆርስና በጆን ዲር 110 ዓይነት ትራክተሮች ሞተሩ በአግድም ተቀምጦ ጉልበቱ ከዘንጉ ላይ በቺንጊያ ይወሰዳል፤ እንዲህ ያለው ትራክተር አዲስ ሞተርን በቀላሉ ይቀበላል። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ ባቀረበውና ከዚያ በኋላ በመጡት ባለ ዘንግ ከብ ካዴት ትራክተሮች ግን ነገሩ ይለያል። በእነርሱ ላይ ቮላኖው ወደ ኋላ፣ ወደ ሹፌሩ ይመለከታል፤ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ዘንግም የሚነሣው ከዚያው ከቮላኖው በኩል ነው፤ የፊተኛው የዘንግ ጫፍ የሚያገለግለው ለሣር ማጨጃው ብቻ ነው። በአዲሱ ሞተር ላይ ቮላኖው በፕላስቲክ ማራገቢያና በቆርቆሮ ሽፋን ተከድኖ ስለሚመጣ ዘንግ የሚታሠርበት ነገር አይኖረውም።

በዚህ ጊዜ ለብዙዎች የሚመጣላቸው ሐሳብ ሞተሩን አዙሮ የዘንጉን ጫፍ ወደ ኋላ ማድረግ ነው። ይህ ግን የመሽከርከሪያውን አቅጣጫ ይገለብጠዋል። የዚህ ዓይነት ሞተሮች ከዘንጉ ጫፍ በኩል ሲታዩ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ፣ ከቮላኖው በኩል ሲታዩ ደግሞ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራሉ። ካምቢዮው በቮላኖው በኩል ያለውን ዙር እንዲቀበል ተሠርቶ ሳለ የሌላኛውን ጫፍ ዙር ከተቀበለ፣ ባለ ጥርስ ካምቢዮ ከሆነ ትራክተሩ ሦስት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ይኖረዋል፤ ሃይድሮስታቲክ (በዘይት ግፊት የሚነዳ) ከሆነ ደግሞ ፓምፑ ያለ አቅጣጫው ይሽከረከራል። ትክክለኛው መፍትሔ በአዲሱ ሞተር ቮላኖ ላይ የሚታሠር፣ በቶርኖ የተሠራና ሚዛኑ የተጠበቀ አጭር ዘንግ መጠቀም ነው፤ ለተወሰኑ ሞተሮችም ተሠርቶ ይሸጣል። ይህ ዘንግ ከመሃል በጥቂቱ እንኳ ቢወጣ በደቂቃ 3600 ዙር ላይ የሚፈጥረው ንዝረት ኩሽኔታዎችን ፈጥኖ ስለሚጨርስ፣ ሥራው ለብቁ የቶርኖ ባለሙያ መሰጠት አለበት።

ስለ ጉልበት መጠን አጭር ቃል ልበል። 12 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 3600 ዙር ላይ 24 ኒውተን ሜትር ያህል የመጠምዘዝ ኃይል ማለት ነው፤ 18 የፈረስ ጉልበት በዚያው ዙር 36 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ካምቢዮውና የኋላ ዲፈረንሻሉ ለመጀመሪያው ቁጥርና ከእርሱ ጥቂት ከፍ ላለው የተሠሩ ናቸው። 24 ወይም 25 የፈረስ ጉልበት ገጥሞ ማረሻ መጎተት ሞተሩን ሳይሆን የዘንጉን ማያያዣ ፒኖችና ጥርሶቹን ይሰብራል። ከ16 እስከ 18 የፈረስ ጉልበት ለዚህ ትራክተር ከበቂ በላይ ነው። አዲሱ ሞተር ቀላል ቮላኖ ስላለው በዝቅተኛ ዙር ላይ እንደ አሮጌው አይሸከምም፤ በሥራ ላይ ዙሩን ከፍ አድርጎ መያዝን መልመድ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪኩ ክፍል ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። አሮጌው ሞተር ብልጭታውን የሚያገኘው ከባትሪ ነው፤ ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት ወደ ቦቢናው (ቮልቱን ከፍ ወደሚያደርገው ጥቅል) ይሄዳል፣ ፑንቲናው (የኤሌክትሪክ ማቋረጫው) ሲከፈትም ካንዴላው ይበራል። አዲሱ ሞተር ግን በቮላኖው ላይ ባለ ማግኔት የራሱን ብልጭታ ይፈጥራል፤ ከባትሪው ምንም አይፈልግም። ከእርሱ የሚወጣው አንዱ ቀጭን ገመድ የማጥፊያ ገመድ ሲሆን፣ ሥራው ከቻንሲ ጋር ሲነካ ብልጭታውን ማቋረጥ ነው። እንግዲህ ቀድሞ ወደ ቦቢናው ይሄድ የነበረው ገመድ በዚህ ማጥፊያ ላይ ከታሠረ፣ ቁልፉ በተከፈተበት ቅጽበት 12 ቮልት ወደ ማቀጣጠያ ሞጁሎቹ ይገባና ያቃጥላቸዋል። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ሁለት ሞጁሎች ስላሉት ጉዳቱም እጥፍ ነው። በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ነው፤ ገመዶቹ እርስ በርስ የሚገጥሙ ስለሚመስሉ ጥንቁቅ ሰው እንኳ ይሳሳትበታል።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው የቁልፍ ማብሪያውን ለማግኔት ማቀጣጠያ በተሠራ ማብሪያ መቀየር ነው፤ እርሱ ሲዘጋ የማጥፊያውን ገመድ ከቻንሲ ጋር ያገናኛል፣ ሲከፈት ይለቀዋል። የቀድሞውን ማብሪያ ለመልኩ ወይም ለቅርስነቱ ማቆየት ከፈለጉ ደግሞ ባለ አምስት እግር ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚነሣ ማብሪያ) ይጠቀሙ፤ የድሮው የቦቢና ገመድ የሪሌውን ጥቅል ያነሣል፣ የማጥፊያው ገመድ ደግሞ ሪሌው ባረፈበት ጊዜ በሚገናኙት እግሮች በኩል ወደ ቻንሲ ይሄዳል። ቁልፉ ሲከፈት ግንኙነቱ ይቋረጥና ሞተሩ ይሠራል፤ ሲዘጋ ይገናኝና ይጠፋል። ያው የቦቢና ገመድ በካርቡራተሩ ሥር ላለው የነዳጅ መዝጊያ ሶሌኖይድም 12 ቮልት ሊሰጥ ይችላል፤ እርሱ መብራት ካላገኘ ሞተሩ አይነሣም ወይም ተነሥቶ ወዲያው ይሞታል። በመቀመጫው፣ በፍሪሲዮኑና በማጨጃው ላይ ያሉትን የደኅንነት ማብሪያዎች ሥራውን ለማቅለል ሲባል አልፎ መሄድ ፈጽሞ አይገባም፤ ሹፌሩ ቢወድቅ ምላጩን የሚያቆመው እነርሱ ብቻ ናቸው።

ባትሪ መሙያውም ይለወጣል። በብዙ አሮጌ ትራክተሮች ሞተሪኖውና ዲናሞው አንድ አካል ሆነው በቺንጊያ ይዞራሉ፤ መጠኑንም በቻንሲው ላይ የታሠረ ባለ ሪሌ ሬጉሌተር ይቆጣጠራል። አዲሱ ሞተር ከቮላኖው ሥር ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጥቅልና የራሱ ሬጉሌተር ይዞ ስለሚመጣ አሮጌው ሬጉሌተር ሙሉ በሙሉ ከኤሌክትሪክ መስመሩ መውጣት አለበት። የአዲሱ ሬጉሌተር አካል ከሞተሩ ብረት ጋር በንጹሕ መገናኛ መታሠር አለበት፤ ቀለም ወይም ዝገት በመካከል ካለ አይሞላም። ሞተሩ በሙሉ ዙር ሲሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ በቴስተር ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ካገኙ ሥራው ደኅና ነው። ሞተሪኖውም ሶሌኖይዱን በጀርባው ይዞ የመጣ ከሆነ ወፍራሙ ገመድ ከባትሪው በቀጥታ ወደ እርሱ ይሄዳል፣ ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ገመድም ሶሌኖይዱን ብቻ ያነሣል። የአሮጌ ትራክተሮች ገመድ ሽፋኑ የደረቀና የተሰነጠቀ ስለሚሆን፣ እጅዎ ከገባ አይቀር ገመዱን በሙሉ ቀይረው በዋናው መስመር ላይ ፊውዝ ቢያስገቡ ትርፉ የእርስዎ ነው።

የሙቀት ጉዳይም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ንጹሕ አየር በቮላኖው በኩል ይስባል፣ የሞቀውንም በሲሊንደሮቹ ላይ አልፎ ያስወጣዋል። ከኮፈኑ ሥር የወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው የሚገባ ከሆነ ሞተሩ በሞቃት ቀን ቀስ በቀስ ይጋገራል። የሁለቱ ሲሊንደሮች የጭስ ማውጫዎች አቅጣጫ ከአሮጌው ስለሚለይ ማርሚታውን እንደገና ማሠራት ይኖርብዎታል፤ ሲያሠሩም ከነዳጅ ቱቦ፣ ከገመድና ከሹፌሩ እግር ያርቁት። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ከካርቡራተሩ ዝቅ ያለ ከሆነ በካርተሩ ግፊት የሚሠራ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ የፓምፑ ቱቦ አጭርና ያልተሰነጠቀ ይሁን።

መፍታቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። የባትሪውን ነጌቲቭ አስቀድመው ይፍቱ፣ ነዳጁን ያፍስሱ፣ እያንዳንዱን ገመድና የጋዝ ኬብል ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ አንሥተው ስም ይለጥፉበት። እነዚህ የጊዛ ሞተሮች ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝኑ በሁለት ሰው ክንድ ከማንሣት ይልቅ በሰንሰለትና በማንሻ ማውጣት ይገባል። ሞተሩ በወጣበት ጊዜ ቻንሲው ስንጥቅ እንዳለው፣ ማሠሪያ ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነው እንደሆነ፣ የመንጃ ዘንጉ ማያያዣዎችም እንደ ተበሉ ይመልከቱ፤ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኙም።

አዲሱ ሲቀመጥ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር መዋላቸውን ቀጥ ባለ ብረት ያረጋግጡ፤ ጥቂት ሚሊሜትር መዛባት ቺንጊያውን ያለ ጊዜው ይበጥሳል። የኤሌክትሪክ ፍሪሲዮን ካለ አካሉ እንዳይዞር የሚይዘው ማገጃ መኖሩን አይርሱ፤ ማገጃው ከሌለ ፍሪሲዮኑ ከዘንጉ ጋር ይዞርና ገመዱን ይበጥሰዋል። ይሁንና ማገጃው ጥቂት እንዲወዛወዝ መተው አለበት፤ በጥብቅ ከታሠረ ኩሽኔታውን ይበላዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሣትዎ በፊት ዘይቱን ይሙሉ፤ ከፋብሪካ የሚመጡ ሞተሮች ብዙዎቹ ያለ ዘይት እንደሚላኩ ልብ ይበሉ። የማጥፊያውን ገመድ ከቻንሲ ጋር አገናኝተው ሞተሩን በሞተሪኖው ለጥቂት ሰኮንዶች ደጋግመው ያሽከርክሩት፤ ፓምፕ ያለው ሞተር በዚህ ዘይቱን ወደ ኩሽኔታዎቹ ያደርሳል። ያሳደሱት የኬ ሞተር ከሆነ ግን የዘይት ፓምፕ የለውም፤ ቢዬላው በሥሩ ባለው ማንኪያ ዘይቱን እየረጨ ነው የሚያለሰልሰው። ስለዚህ ሲገጣጠም የሲሊንደሩን ግድግዳና አንገቶቹን በዘይት ማርጠብ፣ ከዚያም በኋላ የዘይቱን መጠን ሁልጊዜ መጠበቅና በጣም ዳገታማ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ አለመሥራት ያስፈልጋል፤ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ማንኪያው ባዶውን ይመታል።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሞተሩን ያለ ሥራ በዝቅተኛ ዙር ማንጎራጎር ፋሻዎቹ በሲሊንደሩ ላይ እንዳይቀመጡ ያደርጋቸዋል፤ ጥቂት ከሞቀ በኋላ መካከለኛ ሥራ ይስጡት፣ ጫናውንም ከፍና ዝቅ ያድርጉት፤ ከአምስት ሰዓት ሥራ በኋላ ዘይቱን ይቀይሩ። የማሠሪያ ብሎኖቹንም በዚያው ጊዜ እንደገና ያጥብቁ፤ የታደሰው የጊዛ ሞተር ከሆነ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የቴስታታውን ብሎኖች በጥገና መመሪያው ቅደም ተከተልና ልክ በቶርክ መፍቻ ይፈትሹ። አዲሱን ወይም የታደሰውን ሞተር በዚህ መንገድ ካስጀመሩት በኋላ ጭስ እንደገና ከታየ መጀመሪያ የሚፈቱት ያችኑ መተንፈሻ ይሁን፤ ፋሻዎቹ እስኪቀመጡ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ የሚታይ ቀጭን ጭስ ከሆነ ግን አያስጨንቅዎት።